የድሮው ዜማ ሲመለስ፣ የሚመለሰው ለማን ነው?

በዲሴምበር 2024 የአዲሱ ሱፐርማን ፊልም የመጀመሪያ ትሬይለር ወጣ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሰማያዊ ልብስ የለበሰ ሰው ከሰማይ ወርዶ በረዶ ላይ ይከሰከሳል። ፊቱ ደም በደም ሆኗል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። እንደምንም አፉን አሹሎ ያፏጫል፣ ውሻውም ከሩቅ በረዶውን እየበተነ ይመጣል። ትሬይለሩን የተሸከመው ሙዚቃ ከ1978 ጀምሮ የምናውቀው የጆን ዊሊያምስ ዜማ ነው፤ ግን በኤሌክትሪክ ጊታር፣ ረጋ ብሎ፣ ሰልፍ መሆኑ ቀርቶ ልመና በሚመስል አኳኋን ነው የሚጫወተው። ያን ቀን የጀመረኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ዜማው ከዚህ በፊትም ተመልሶ ያውቃል። በ2006 ከነሙሉ ክብሩ ተመልሷል። በ2017 ለጥቂት ሴኮንዶች ብቅ ብሎ ጠፍቷል። የባትማን፣ የስፓይደርማን፣ የኤክስ-ሜን ዜማዎችም እንዲሁ እየተመላለሱ ነው። አንዳንዱ ሲመለስ ጸጉር ያቆማል፣ አንዳንዱ ደግሞ ኖታው ሳይጎድል፣ ኦርኬስትራው ሳይደክም፣ ጆሮ ላይ ተንሳፍፎ ያልፋል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ብዙ ሰው «ትዝታ ነው፣ የልጅነት ነገር ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ትዝታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም እኩል ይሠራ ነበር። ዘፈን የሚሰማ ሰው «ይሄ ለማን ነው የተዘፈነው?» ብሎ እንደሚጠይቀው፣ እዚህም መጠየቅ ያለበት ያው ነው፦ ዜማው የተመለሰው ታሪኩ ውስጥ ላለው ሰው ነው ወይስ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ተመልካች?

አንድ ፊልም፣ አንድ ደራሲ፣ ሁለት ዕጣ

ይህ ጥያቄ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የታየኝ፣ ብዙም በማይወደድ ፊልም ላይ ነው። ባትማንን፣ ሱፐርማንንና ሌሎች ጀግኖችን የሚያሰባስበው ጀስቲስ ሊግ በኖቬምበር 2017 ሲኒማ ቤት የገባው ብዙ ተናውጦ ነበር። ዳይሬክተሩ ዛክ ስናይደር በቤተሰብ ሐዘን ሥራውን ሲተው ጆስ ዊደን ተተካ። ሙዚቃውን ይሠራ የነበረው ቶም ሆልከንቦርግም ተነሥቶ ዳኒ ኤልፍማን ገባ። ኤልፍማን የ1989ኙን የቲም በርተን ባትማን ዜማ የጻፈው ሰው ነው። ዳይሬክተር በተለወጠ ቁጥር የጀግናው ሙዚቃ ከዜሮ ይጀመር የሚለውን ልማድ እንደማይቀበለው ያኔ በቃለ ምልልስ በግልጽ ተናግሯል። ስለዚህ የራሱን የባትማን ዜማ ይዞ መጣ፣ የዊሊያምስን ሱፐርማንም አብሮ አስገባ።

መጀመሪያ ባትማንን እንይ። ፊልሙ ገና ሲጀመር ቤን አፍሌክ በጎተም ከተማ ጣሪያ ላይ ይታያል፣ የ1989ኙ ባለ አምስት ድምፅ ዜማም ይከተላል። ነገር ግን የአፍሌክ ባትማን ገና በ2016 ሃንስ ዚመርና ሆልከንቦርግ የጻፉለት የራሱ ሙዚቃ ያለው ሰው ነው። ሃያ ዓመት ወንጀለኛ ሲያሳድድ ልቡ የደነደነ፣ የደከመ ሰው። የ1989ኙ ዜማ የማይክል ኪተን ነው፤ ምሥጢር የሚወድ፣ ጎቲክ ሕንፃዎች መካከል የሚኖር፣ ግማሽ እብድ ሀብታም። ሁለቱ የሚጋሩት ስምና ጭምብል ብቻ ነው። ዜማው ስለ አፍሌክ ባትማን የሚነግረን አንድም አዲስ ነገር የለውም። ለተመልካቹ «አስታወስከው?» ብሎ ያልፋል። በሰው ወርቅ አይደምቁ የሚባለው ይህ ነው።

እዚያው ፊልም ውስጥ፣ ያው የሙዚቃ ደራሲ ሱፐርማን ላይ ያደረገው ግን ሌላ ነው። ሱፐርማን ከሞት ይነሣል፤ ግን ማን እንደሆነ አያውቅም። ለእሱ መታሰቢያ በተሠራው አደባባይ ላይ ቆሞ፣ ያስነሡትን ሰዎች እንደ ጠላት ያያቸዋል። ከእነሱ አንዱ የሆነው የሳይቦርግ ጦር መሣሪያ ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ ይተኩሳል፣ ድብድቡ ይጀመራል። ፈጣኑ ጀግና ፍላሽ ሌላው ሁሉ እንደ ሐውልት በቆመበት ፍጥነት ሲሮጥ፣ የሱፐርማን ዓይን ቀስ ብላ ዞራ ትከተለዋለች። የዊሊያምስ ዜማ የሚመጣው እዚህ ትዕይንት ላይ ነው፤ ጨልሞ፣ ተጣሞ፣ ተቆራርጦ። ሙሉውን ለመስማት የተዘጋጀ ጆሮ ቁራጩን ብቻ ያገኛል።

እንደዚህ ሲሆን ዜማው ሥራ ይሠራል። አርባ ዓመት ሙሉ «አይዞህ፣ ደረሰልህ» ሲለን የኖረው ድምፅ አሁን «የመጣው ሰው ያ ሰው ላይሆን ይችላል» ይለናል። ይህን ማስጠንቀቂያ ሌላ ሙዚቃ ሊሰጠን አይችልም፤ ምክንያቱም አዲስ የተጻፈ አስፈሪ ሙዚቃ ቢሆን ጠላት መጣ ብሎ ብቻ ይነግረን ነበር። የታወቀው ዜማ ሲጣመም ግን ወዳጅ እንደጠፋ ይነግረናል። ሱፐርማን ራሱን ረስቷል፣ ዜማውም ራሱን ረስቷል። እኔ ይህችን ጥቂት ሴኮንድ ከፊልሙ የቀረው ሙዚቃ ሁሉ አስበልጣታለሁ።

ይህን ካየሁ በኋላ የ2006ቱን ሱፐርማን ሪተርንስ እንደ ድሮው መስማት አልቻልኩም። ጆን ኦትማን የፊልሙ ኤዲተርም የሙዚቃ ደራሲም ነበር፤ ያን ያህል ሁለቱን የሚያጣምር ባለሙያ ጥቂት ነው። መክፈቻው ላይ የዊሊያምስ ሰልፍ ከነ ግርማው ይወጣል፣ ሰማያዊ ፊደላቱ እንደ 1978ቱ እየበረሩ ይመጣሉ። ደስ ይላል፣ አልክድም። ታሪኩ ግን አምስት ዓመት ጠፍቶ ስለተመለሰ ሰው ነው። ሚስት ልትሆነው የምትችል ሴት ሌላ ሕይወት ጀምራለች፣ ዓለም ያለ እሱ መኖር ለምዳለች። ሰውየው ይህን ሁሉ ዓመት ጠፍቶ ዜማው አንድ ቀን እንኳ ያልጠፋ ይመስላል። ያው ኪይ (ዜማው የተመሠረተበት መነሻ ድምፅ)፣ ያው ሙላት፣ ያው እምነት። መመለስ የፊልሙ ርዕስ ሆኖ ሳለ ሙዚቃው የሚመለስበት መንገድ አልተሰጠውም።

ዊሊያምስ በ1978 ዜማውን እንዴት እንዳስቀመጠው ማየት ይህን ያብራራል። መክፈቻው ላይ ከአራት ደቂቃ በላይ ሙሉውን ያሰማናል፣ ከዚያ ይሰበስበዋል። የትውልድ ዓለሙ ክሪፕተን ሌላ ሙዚቃ አላት፣ ልጁ ያደገበት የካንሳስ ገጠርም ሌላ አለው። ክሪስቶፈር ሪቭ ልብሱን ለብሶ ከበረዶው ምሽግ ሲነሣ ፊልሙ ወደ አንድ ሰዓት እየተጠጋ ነው፤ ዜማው ባለቤቱን የሚያገኘው ያኔ ነው። ከዚያ ሄሊኮፕተሩ ከሕንፃው ጫፍ ተንጠልጥሎ፣ ክላርክ (ሱፐርማን በሰው መካከል የሚኖርበት ስሙ ነው) ሸሚዙን ሲከፍት እንደገና ይነሣል። መክፈቻው ቃል ገባ፣ ፊልሙ አስጠበቀ፣ በመጨረሻ ከፈለ። በብዙ አዲስ ፊልሞች የሚጎድለው ይህ ማስጠበቅ ነው። ዜማው ገና ጀግናው ምንም ሳያደርግ ይከፈላል።

የጎደለችው ድምፅ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደ ኖታው እንውረድ። የሱፐርማን ዜማ ለምን ይህን ያህል መጣመም ይችላል? የባትማኑስ ለምን አይችልም?

የሱፐርማን ዜማ አጥንቱ ከዶ ወደ ሶል የሚደረገው ዝላይና ኦክታቩ (ያችው ዶ ከፍ ብላ ስትደገም) ነው። ይህ ርቀት ቫልቭ ያልነበራቸው የድሮ መለከቶች በተፈጥሮ የሚያወጡት ነው፤ የጦር መለከት፣ የአዋጅ መለከት በሙሉ በእነዚህ ድምፆች ላይ ይኖራል። ለዚህ ነው ዜማውን ገና ስንሰማው «አንድ ትልቅ ነገር መጣ» የምንለው። ግን ዶና ሶል ብቻቸውን ሲቆሙ አንድ ነገር ይጎድላቸዋል፦ በመካከላቸው ያለችው ሦስተኛዋ ድምፅ። ኮርዱን (አብረው የሚመቱትን ድምፆች) ሜጀር ወይም ማይነር፣ ብርሃን ወይም ጨለማ የምታደርገው ሚ ነች። ሚ ከሆነች ሜጀር፣ ሚ ፍላት ከሆነች ማይነር ይሆናል። የዜማው ዋና ዝላይ እሷን አልያዘም። ስለዚህ ከሥር የሚጽፈው ሰው ነው የሚወስነው።

ፒያኖ ወይም ኪቦርድ ያለው ሰው ሊሞክረው ይችላል። በቀኝ እጅ ዶ እና ሶልን ደጋግሞ ይምታ። በግራ እጅ ዶ ሜጀር ይያዝ፤ ጀግናው በሰላም ይበርራል። ሚን ወደ ሚ ፍላት ያውርዳት፤ ያው ዜማ ሐዘን ላይ ተቀመጠ። ግራውን ወደ ላ ማይነር ይቀይር፤ አሁን ዶ ሦስተኛ፣ ሶል ሰባተኛ ሆኑ፣ ዜማው የሩቅ ትዝታ ይመስላል። ላ ፍላት ሜጀር ቢይዝ ሶል ከሥሩ ጋር ሳትታረቅ ትንጠለጠላለች፣ ናፍቆት ይሆናል። በቤዝ ፋ ሻርፕ ብቻዋን ብትገባ ደግሞ ሁሉም ይመረዛል፤ ከሶል ጋር ግማሽ ድምፅ፣ ከዶ ጋር ደግሞ ከሁሉ የከፋውን ርቀት ትፈጥራለች። ከላይ አንድም ኖታ አልተነካም። ዜማውን አዲስ ፊልም ውስጥ የሚያስገባ ደራሲ እጁ ውስጥ ያለው ትልቁ መሣሪያ ይህ ነው። በሚያሳዝን ሁኔታ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው የመጀመሪያውን፣ ዶ ሜጀሩን ነው።

የኤልፍማን ባትማን ሌላ ፍጥረት ነው። አምስት ድምፅ ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ላ ፍላት፣ ሶል። እዚህ ላይ የእኛን ቅኝት የሚያውቅ ጆሮ ቆም ማለቱ አይቀርም። አምስቱን በቅደም ተከተል ደርድሯቸው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ትዝታ ማይነር ነው፤ አንድ ድምፅ ሳይተርፍ፣ አንድ ሳይጎድል። ኤልፍማን ከእኛ ወሰደ እያልኩ አይደለም፤ እነዚህ አምስት ድምፆች በጃፓን ቅኝት ውስጥም አሉ። ግን ክራሩን በትዝታ ማይነር የቃኘ ሰው አንድም ክር ሳይነካ የባትማንን ዜማ መጫወት ይችላል። የጎተም ጨለማ ለእኛ ጆሮ ባዕድ ያልሆነው በከፊል ለዚህ ይመስለኛል።

ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ይህ ዜማ ሚ ፍላትንም ላ ፍላትንም ራሱ ውስጥ ይዟል። ጨለማው ከሥር የሚመጣ አይደለም፣ ከዜማው አጥንት ጋር የተሠራ ነው። ስለዚህ ደራሲው እንደ ሱፐርማኑ በአንድ ኮርድ ለውጥ ሌላ ሰው ሊያደርገው አይችልም። የባትማን ዜማ የትም ቢገባ ያንኑ ዓለም ይዞ ይገባል፤ የ1989ን ጎተም። በ1992 የተጀመረው የባትማን ካርቱን መክፈቻ ላይ ዜማው ያለ ችግር የገባው ካርቱኑ ያንኑ ዓለም ስለተከተለ ነው። እዚያም ቢሆን፣ የ1989ኙን ኦርኬስትራ የመራችው ሸርሊ ዎከር የካርቱኑን ሙዚቃ ስትረከብ ለባትማን የራሷን ዜማ ጽፋለታለች። ዋጋው ያልተነገረላት ሴት ነች።

በ2023ቱ ዘ ፍላሽ ፊልም ቤንጃሚን ዎልፊሽ የኤልፍማንን ዜማ ለኪተን ሲመልስ በቂ ምክንያት ነበረው፤ ሰውየውም ዋሻውም ያው የ1989ኙ ነው። በመርህ ደረጃ ምንም አልቃወምም። ቅር ያለኝ ብዛቱ ነው። ዋሻው ሲታይ፣ አውሮፕላኑ ሲታይ፣ ልብሱ ሲታይ ዜማው ይነሣል። ኪተን አርጅቶ፣ ጸጉሩን አሳድጎ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ስናገኘው ግን፣ ዜማው እንደ እሱ አርጅቶ የምንሰማበት ዕድል ነበር። ባለ አንድ መሣሪያ፣ ቀስ ያለ፣ መጨረሻዋን ሶል ሳያገኝ ላ ፍላት ላይ የሚቆም። ያ ቢደረግ ኋላ የሚመጣው ሙሉ ኦርኬስትራ ዋጋ ይኖረው ነበር።

በሴኮንድ 24 ፍሬም

ዜማ መመለስ የሚከሽፈው በሐሳብ ብቻ አይደለም፤ በሰዓትም ይከሽፋል። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም (ተከታታይ ነጠላ ምስል) ነው። በደቂቃ 120 ምት የሚሄድ ሙዚቃ አንዱ ምት ግማሽ ሴኮንድ፣ ማለትም 12 ፍሬም ነው። አራት አራት ምት ያላቸው አራት ባር ዜማ እንግዲህ 8 ሴኮንድ፣ 192 ፍሬም ይፈጃል። በ1978 አንድ ሰው ሲበርር ካሜራው 8 ሴኮንድ ሊከተለው ይችል ነበር። በአሁኑ የድርጊት ፊልም አንድ ምስል ሁለት ሦስት ሴኮንድ ቆይቶ ይቆረጣል። ዜማው አንድ ሐረግ እስኪጨርስ ምስሉ ሦስት አራት ጊዜ ይለወጣል፣ አንዱ ቡጢ፣ አንዱ ፍንዳታ፣ አንዱ የሌላ ሰው ፊት። ሐረጉ የቱን ምስል እንደሚናገር አይታወቅም።

ደራሲው ያለው ምርጫ ጥቂት ነው። ፍጥነቱን ቢጨምር ሰልፉ ይዋከባል፤ ዊሊያምስ አንዱን ምት በሦስት የከፈለበት ትሪፕሌት ከተፋጠነ ትራምፔቱ ጥርት ብሎ መምታት ያቅተዋል። ሐረጉን ቢቆርጥ ሰሚው ያልተጠናቀቀ ነገር ይዞ ይቀራል። ወይም ዳይሬክተሩን አሳምኖ ምስሉን ማስረዘም አለበት። ባለ አምስት ድምፁ ባትማን በሦስት ሴኮንድ ስለሚያልቅ የትም ይገባል፤ ብዙ የተመለሰበት አንዱ ምክንያት ይህ አጭርነቱ ነው። ዚመርና ጄምስ ኒውተን ሃዋርድ በ2005 ለባትማን ቢጊንስ ሁለት ድምፅ ላይ የቆመ ምልክት ማበጀታቸውም ከዚህ የአርትዖት ዘመን ጋር የሚሄድ ነው።

ሌላው ወጥመድ ጊዜያዊ ሙዚቃ ነው። ኤዲተሩ ፊልሙን ሲቆርጥ የራሱ ሙዚቃ ገና ስላልተጻፈ፣ ከሌላ ፊልም ወስዶ ያስቀምጣል። ዳይሬክተሩ ለወራት ያንን እየሰማ ይለምደዋል። ጊዜያዊው ሙዚቃ የድሮው ዋና ቅጂ ከሆነ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው፤ አዲሱ ደራሲ ምንም ቢያቀርብ «የመጀመሪያው ይሻላል» ይባላል፣ በመጨረሻም አስመስሎ ይጽፋል። የአዲሱ ሱፐርማን ዳይሬክተር ጄምስ ጋን ከጋርዲያንስ ኦፍ ዘ ጋላክሲ ፊልሙ ጀምሮ ሙዚቃ ከቀረጻ በፊት እንዲጻፍ ማድረጉን የማደንቀው ለዚህ ነው። ሙዚቃው ቀድሞ ካለ ካሜራውም ተዋናዩም ምስሉም በእሱ ልክ ይሰፋሉ።

ኦርኬስትራውም አለ። የ1978ቱን የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ነው የተጫወተው። ዊሊያምስ የሱፐርማንን ሁለተኛ ክፍል ሳይሠራ ሲቀር ኬን ቶርን የእሱን ወረቀት ይዞ አቀናበረ፤ የተጫዋቹ ቁጥር ግን አነሰ። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል፤ ኖታው ያው ነው፣ ድምፁ ግን ሳስቷል። የነሐስ መሣሪያ ሲቀንስ የቀሩት ጠንክረው መንፋት ይጀምራሉ፣ ጠንክሮ የተነፋ ትራምፔት ደግሞ ሙላቱን አጥቶ ይሾላል። ዛሬ ይህን ክፍተት በኮምፒውተር ናሙና ድምፅ ይሞሉታል። ለረጅም፣ ለተያዘ ድምፅ ይሠራል። ለዚያ ፈጣን ትሪፕሌት ግን ናሙናው ሁሉንም ምት እኩል ስለሚመታ የሰው ትንፋሽ ይጠፋል።

ኪይ መቀየርም እንዲሁ ቀላል መስሎ የሚያታልል ነው። ከፊቱ ያለው አዲስ ሙዚቃ በሚ ፍላት ካለቀ፣ ዜማውን ከዶ ሦስት ሰሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ከፍ አድርጎ ማስገባት ይቀላል። ትራምፔቱ ግን ሦስት ሰሚቶን ሲወጣ ከጀግንነት ወደ ጩኸት ይሻገራል፣ የተጫዋቹም ከንፈር ደጋግሞ ሲቀዳ ይዝላል። ሦስት ሰሚቶን ቢወርድ ደግሞ ብርሃኑን ያጣል። ጥሩ አቀናባሪ አዲሱን ሙዚቃ ወደ ዜማው ኪይ ያመጣዋል እንጂ ዜማውን አይጎትተውም።

ከዚህ ሁሉ ተርፎ ዜማው በደንብ ቢቀዳ እንኳ የድምፅ ማዋሃጃው ክፍል ይጠብቀዋል። ትራምፔት የሚያበራበት የድምፅ ክልል ከሰው ንግግር ጋር የሚጋራው ብዙ ነው። ተዋናይ ከተናገረ ሙዚቃው ይወርዳል፤ ሕንፃ ከፈረሰ ሙዚቃው ይሰምጣል። ስለዚህ የድሮ ዜማ የሚመለስበት ትዕይንት ከመጀመሪያው ጸጥታ ሊዘጋጅለት ይገባል። ቢያንስ ስምንት ሴኮንድ ማንም የማይናገርበት፣ ምንም የማይፈነዳበት። ይህን መፍቀድ የዳይሬክተሩ ሥልጣን ነው፣ የሙዚቀኛው አይደለም።

የወረቀቱ ጉዳይ

መብቱን በአጭሩ ልለፈው። በሆሊውድ ለፊልም የተጻፈ ሙዚቃ በአብዛኛው የስቱዲዮው ንብረት ነው፤ ደራሲው ክፍያና ስም ያገኛል፣ ዜማውን እንደገና ለመጠቀም ግን የእሱ ፈቃድ ላያስፈልግ ይችላል። ድርሰቱና ቅጂው ሁለት የተለያዩ መብቶች ናቸው። ዜማውን በአዲስ ኦርኬስትራ መቅዳት አንድ ነገር ነው፣ የድሮውን ቅጂ ማስገባት ሌላ ክፍያ ያመጣል። ማርቭል ስቱዲዮስ ለረጅም ጊዜ ይህን ሀብት አልተጠቀመበትም። አይረን ማን በሦስት ፊልም ሦስት ደራሲ ነበረው፦ ራሚን ጃዋዲ፣ ጆን ደብኒ፣ ብራያን ታይለር። ቶርም ከፓትሪክ ዶይል ወደ ታይለር፣ ከታይለር ወደ ማርክ ማዘርስባው ተላልፏል። ጀግናው ያው ነው፣ ስሙን የሚጠራው ዜማ ግን በየጊዜው አዲስ ነው። ሰዎች የማርቭልን ሙዚቃ ማንጎራጎር ያቅተናል ሲሉ ጥፋቱ የደራሲዎቹ ብቻ አይደለም።

የሽልማቱ ደንብም የራሱ ጫና አለው። የኦስካር አካዳሚ በ2020 ባወጣው ደንብ፣ ተከታታይ ፊልም ለምርጥ ማጀቢያ ሙዚቃ እንዲወዳደር ቢያንስ 80 በመቶው አዲስ መሆን አለበት። ሐሳቡ ይገባኛል፤ የሌላ ሰው ዜማ ይዞ መሸለም የለበትም። ግን የ2017ቱን ዓይነት ማጣመም ከባዶ ከመጻፍ የማይተናነስ ድርሰት መሆኑን በመቶኛ የሚለካ ደንብ ሊያየው አይችልም።

ዶ ሜጀርን መጠበቅ

ወደ 2025ቱ ሱፐርማን ልመለስ። ጆን መርፊና ዴቪድ ፍሌሚንግ የዊሊያምስን ዜማ ከራሳቸው ሙዚቃ ጋር ሸምነውታል። ፊልሙ የሚጀምረው ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ በተሸነፈበት ሰዓት ነው፤ ያ በረዶ ላይ የወደቀው ሰው። ጊታሩ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ነው። ትራምፔት አሸናፊ ሰው የሚነፋው መሣሪያ ነው። የተሸነፈ ሰው ዜማ በትራምፔት ቢወጣ ውሸት ይሆናል። ኤሌክትሪክ ጊታር ድምፁን ይዞ ማቆየት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ማስነባት ይችላል፤ ዝላዩ ከዶ ተነሥቶ ሶል ጋ የሚደርሰው እየተንገዳገደ ነው። በመጀመሪያ የጠየቅኩት ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ ያገኘ ይመስለኛል። ዜማው ለሰውየው ነው የመጣው፤ እኛ ደግሞ አብረን ሰማን።

ሁሉም ቦታ ላይ እንደዚህ ተሳክቷል አልልም። ድብድቡ ሲጦፍ ዜማው በችኮላ ብቅ የሚልባቸው፣ ምስሉ ተቆርጦ ሳይጨርስ የሚቀርባቸው ጊዜዎች አሉ። ከላይ ያልኩት የ192 ፍሬም ችግር ነው። ሆኖም ከ1978 ወዲህ ዜማውን እንደ ሰው የያዘው፣ ሊወድቅም ሊነሣም የሚችል አድርጎ ያየው ሙሉ ፊልም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ዓይኔ ያለው ኤክስ-ሜን ላይ ነው። ማርቭል የድሮዎቹን ተዋናዮች ፓትሪክ ስቱዋርትንና ኢያን ማኬለንን በአዲሱ የአቬንጀርስ ፊልም እንደሚመልስ በ2025 አስታውቋል፣ እጁ ላይ ደግሞ ሁለት ዜማ አለ። አንዱ የ1992ቱ ካርቱን መክፈቻ ነው፤ በ2024 ኤክስ-ሜን 97 የተባለው ተከታታይ ካርቱን እንደገና ያነሣው። ሌላው ጆን ኦትማን በ2003 ለሁለተኛው ፊልም የጻፈው፣ በ2014ም የመለሰው ነው። በ2022 ዶክተር ስትሬንጅ ላይ ስቱዋርት በካርቱኑ ቢጫ ወንበር ተቀምጦ ሲመጣ ኤልፍማን የካርቱኑን ዜማ ሰጠው፤ ያ ቻርልስ (ስቱዋርት የሚጫወተው የኤክስ-ሜን መሪ) የሌላ ዓለም ሰው ስለሆነ ትክክል ነበር። ዘ ማርቭልስ የተባለው ፊልም መጨረሻ ላይ ከኤክስ-ሜን አንዱ የሆነው ቢስት ሲታይ ደግሞ የኦትማን ዜማ ተሰማ፤ እሱም ትክክል ነበር። የሚመጣው ሽማግሌ ተዋናይ የ2003ቱን ታሪክ የኖረው ሰው ከሆነ፣ የኦትማን ዜማ ነው የሚገባው። የካርቱኑ መክፈቻ ቢወጣ አዳራሹ የበለጠ ያጨበጭባል፣ ይህን አውቃለሁ። ግን ያ ዜማ እሱን አያውቀውም። የኦትማኑን ይስጡት፤ ከዶ ሜጀር አይጀምሩት፣ ቀስ ይበሉ፣ ስምንት ሴኮንድ ጸጥታ ይፍቀዱለት።